በትልቁ ጻፈው

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1885

ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በከተማው ንባብ ቤት፣ ሚስተር ፌሊክስ ኮስቴሎ ከማተሚያ ቤት የመጣውን የሙከራ ኅትመት፣ የመጀመሪያ ገጹ ከላይ ሆኖ፣ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ስሜ የለበትም። «የድሩምካሎ የምርጫ ክልልና የእንደራሴዎቹ ታሪክ፣ ከ1692 እስከ 1885። ደራሲ፦ ፌሊክስ ኮስቴሎ፣ ጠበቃ።» ቀለሙ በደንብ አልደረቀም ነበርና እጄን ሳነሳ «ጠበቃ» የሚለው ቃል ተገልብጦ አውራ ጣቴ ላይ ቀረ።

መጀመሪያ የአታሚው ስህተት መስሎኝ ለኮስቴሎ አዘንኩለት። «እርስዎ ሳያዩት ታትሟል ማለት ነው» አልኩ። ኮስቴሎ መስኮቱን እያየ «ተቀመጡ፣ ሚስ ታርፒ» አለኝ። አልተቀመጥኩም። መቅድሙን ስገልጥ እዚያ አለሁ፦ «በግልባጭ ሥራ ላገዙን አንዲት የከተማችን ወይዘሪት ምስጋና ይድረስ።» አሥራ አራት ወር የሠራሁት ግልባጭ ተባለ። ደብሊን ድረስ ሄጄ ከወንዶቹ እኩል ተፈትኜ ዲግሪ የያዝኩት ለግልባጭ ነው።

ይህንንም ዋጥ አድርጌ አሥራ አንደኛውን ምዕራፍ ፈለግኩ። የ1852ቱ ምርጫ ነው። ሃያ ሦስት ገጽ ሰጥቼው ነበር። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሆኗል፦ «በዚያ ዓመት ካፒቴን ሃርዊን በጠባብ ልዩነት አሸነፉ። ከዚያም በኋላ አንዳንድ ቤተሰቦች በገዛ ፈቃዳቸው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ።»

አሥራ ዘጠኙ የሉም። የቤቶቹ ሁሉ ባለቤት በሆነው በሎርድ ሃርዊን ወንድም፣ በካፒቴኑ፣ ላይ ድምፅ ሰጥታችኋል ተብለው በአንድ ክረምት ከቤታቸው የተጣሉት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች፣ በገዛ ፈቃዳቸው ተሻገሩ።


ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 18

ዛሬ አጭር እጽፋለሁ። ከአሥራ ዘጠኙ የአንዱ ልጅ ለሆነችው ለኦኒ ክሉን ቃል ገብቻለሁ። «የአባትሽ ስም በመጽሐፍ ይወጣል» ብያታለሁ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ራሴ ደጇ ድረስ ሄጄ። አሁን ምን ልላት ነው?

ኮስቴሎ ትናንት አዲስ ግራጫ ኮት ለብሶ ነበር። ለምን እንደምጽፈው አላውቅም። ምንም አያምርበትም።


እሑድ፣ ሴፕቴምበር 20

ከጸሎት መልስ ዝናብ። አባባ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ጥሎ አንቀላፍቷል፤ ስለዚህ በሰፊው ልጻፍ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ፓርላማው በሚያወጣው ሕግ ትናንሾቹ ከተሞች መቀመጫቸውን እንደሚያጡ ሲሰማ፣ የድሩምካሎ ትልልቅ ሰዎች ኮሚቴ አቋቋሙ። በዚህ ዓመት ፓርላማው ሲበተን የእኛ ክልል አብሮ ይጠፋል፤ ከገጠሩ ጋር እንቀላቀላለን። ከመጥፋቷ በፊት ታሪኳ ይጻፍ ተባለ። ኮስቴሎ የኮሚቴው ጸሐፊ ሆነ፤ መጻፍ ሲያቅተው ወደ እኔ መጣ። «ከእርስዎ የተሻለ ሰው በዚህ ከተማ የለም» አለኝ። አመንኩት። እውነትም ስለሆነ።

አርባ አንድ ሰዎች ወክለውናል። ሰባቱ ከተማዋን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። አንደኛው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጦ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ፤ እሱም ስለ ፈረስ በሽታ። አንደኛው የአገራችን የራሷ የነበረው የደብሊኑ ፓርላማ እንዲዘጋ እጁን አውጥቶ በስድስት ወሩ የባሮንነት ማዕረግ አገኘ። እነዚህን ሁሉ ሳቅ እያልኩ ጻፍኳቸው። ኮስቴሎም ሳቀ። በነዚያ ቀናት አንድ መብራት ስር ተቀምጠን (ይህን ልሰርዘው ይሆናል)።

ሳቁ የቆመው በገበያ አዳራሹ ሰገነት ላይ፣ ከአሮጌ ሚዛኖች ጋር የተጣለውን የድምፅ መዝገብ ሳገኝ ነው። ድምፅ በምስጢር መስጠት የመጣው ገና ከአሥራ ሦስት ዓመት ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ሰው በአዳራሹ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ በሁሉም ጆሮ ሦስት ነገር ይናገር ነበር፦ ስሙን፣ የሚኖርበትን ቤት፣ የሚመርጠውን ሰው። ጸሐፊው በመጡበት ቅደም ተከተል ይጽፋል፤ የሎርዱ ወኪልም ከጎኑ ተቀምጦ የራሱን ዝርዝር ይይዛል። ከቤት የማስወጫው ማስታወቂያ አሥራ ዘጠኝ ስም አለው። የአሥራ ስምንቱን ድምፅ በመዝገቡ አግኝቻለሁ፤ ሁሉም የመረጡት ተቃዋሚውን ዶክተር ፊናንን ነው። የአሥራ ዘጠነኛው፣ የኦኒ አባት የማይክል ክሉን ድምፅ፣ በመጨረሻዎቹ ገጾች መሆን አለበት። እነሱ የጣሪያ ውኃ ነክቷቸው ተጣብቀዋል። አንድ ቀን በእንፋሎት አላቅቃቸዋለሁ እያልኩ ሳላደርገው ቀረሁ። ሥራ ስለበዛብኝ ነው።

የአያቴን የታዲን ታሪክም በዚያው ምዕራፍ አስገብቼው ነበር። መዝገብ ሳይገለጥም የታወቀ ነው፤ በየገናው እንሰማዋለን። አያቴ ተራው ሲደርስ ስሙንና ፊናንን መምረጡን ተናግሮ ጸሐፊውን «በትልቁ ጻፈው፤ የወኪሉ ዓይን ደክሟል» አለው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ከቤቱ ያልተባረረው በርሜል ሠሪ ስለነበር ነው፤ ያለ እሱ በርሜል የሎርዱ ቅቤ ገበያ አይደርስም። እኔ የምለው እንዲህ ነው።

አባባ ነቃ። ታሪኩን እንዲደግምልኝ ጠየቅኩት። «ዛሬ ተይኝ እስቲ» አለ። ሲለመን እምቢ ሲል የመጀመሪያው ነው።


ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 24

የገበያ ቀን። ኦኒ ክሉን እንቁላሏን ሸጣ እንደ ልማዷ በጓሮ በር መጣች። በየመኸሩ ትመጣለች፤ አባባም ሱቁን ትቶ ራሱ ከዛፉ እየለቀመ ቅርጫቷን በፖም ይሞላል። ሠራተኛ እንዲያደርገው አይፈቅድም። እሷ አታመሰግንም፤ እሱም አይጠብቅም። እናቴ በሕይወት ሳለች «ምስጋና የማታውቅ» ትላት ነበር። እኔ ግን የአባባን ደግነት ሁልጊዜ እወድለታለሁ።

ቀደም ብሎ ገበያው ላይ አንዱ ከብት ነጋዴ «የክሉን ልጅ፣ አባትሽ አሜሪካ በሰላም ገባ?» ብሎ ሲያፌዝባት ሰማሁ። መጽሐፉ ገና ሳይታተም ወሬው ከተማውን አዳርሷል። እሷ እንቁላል መቁጠሯን ሳታቋርጥ «ገብቷል። አሜሪካ ከድሆች ማደሪያው ጀርባ ናት፤ መስቀል የሌለው መቃብር ስታይ ደርሰሃል» አለችው።

በሩ ላይ ስትደርስ «ወጣ?» አለችኝ። ማንበብ አትችልም። «ይወጣል» አልኳት። ዋሸሁ ወይስ አልዋሸሁም?

ቅርጫቷን አንስታ ቤታችንን ቀና ብላ አየችውና «ምድጃችሁ አሁንም በስተግራ ነው የሚያጨሰው?» አለች። አዎ አልኩ። ውስጥ ገብታ ታውቃለች እንዴ?


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ኮስቴሎ የድምፅ መዝገቡን ይመልሱ አለኝ። ኮሚቴው «በጥንቃቄ እንዲቀመጥ» ለሎርድ ሃርዊን ቤተ መጻሕፍት ሊሰጠው ነው። እሳቱ በደንብ በሚነድበት ክፍል፣ አልኩት። አልሳቀም።

ለመጽሐፉ መታተም ሎርዱ ስለረዳ ነው ምዕራፌን የቆረጡት ብዬ እየጮህኩ ነበር። ኮስቴሎ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ሰማኝ። ከዚያ «ሎርዱ ምዕራፉን አላዩትም፣ ሚስ ታርፒ። ጥያቄው የመጣው ከሌላ ቦታ ነው» አለኝ።

«ከማን?»

«አባትዎን ይጠይቁ።»


እሑድ፣ ኦክቶበር 11

አባባን ዛሬ እጠይቀዋለሁ ብዬ ነበር። ጉንፋን ይዞታል። ሰው ታሞ እያለ አይጠየቅም።

ኮስቴሎ የሚዋሽ ይመስለኛል። ጠበቃ ነው። ጥፋቱን ሌላ ሰው ላይ መጣል ሥራው ነው።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 14

አባባ ድኗል። ከአቅራቢዎች ጋር ስለነበር አልጠየቅኩትም።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 17

አልጠየቅኩትም። ራት ላይ «ያን መዝገብ ለኮስቴሎ መልሺለት» አለኝ፤ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ። መዝገቡ እኔ ዘንድ እንዳለ ነግሬው አላውቅም።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 22

ለኮሚቴው አቤት ብዬ ነበርና ዛሬ ጠሩኝ። አምስት ወንዶች፣ አምስት ወንበር። ለእኔ የሚሆን አልነበረም። ሊቀ መንበሩ እንደ ልጅ እያባበለኝ፣ ወይዘሪቶች የአሮጌ ቁስል ቅርፊት ባይነካኩ ለጤናቸውም ለትዳራቸውም እንደሚበጅ አስረዳኝ። ሌላው፣ ሴት ልጅ ዲግሪ መያዟ ላም ጃንጥላ እንደመያዟ ነው አለና ሁሉም ሳቁ። ኮስቴሎም ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ አልረሳለትም።

መጨረሻ ላይ ግን ትክክለኛ ነገር የተናገረው እሱ ነው። «አሥራ ስምንት ማስረጃ አለዎት። ክሉን የታል? ድምፁን ሳያዩ ጽፈዋል። የአያትዎንም እንዲሁ።» ገጾቹ ተጣብቀዋል ስል «እንፋሎት የሌለው ቤት ነው ያላችሁ?» አለኝ።

መንገዱን ሙሉ ተሳደብኩ። እቤት ስደርስ ያፈርኩት በራሴ ነበር። ታሪክ ጸሐፊ ነኝ ባይ፣ መዝገብ በጉያዬ ይዤ በወሬ ጽፌያለሁ። ለምን አልገለጥኩትም? ማንም አልከለከለኝም።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 31

የቅዱሳን ዋዜማ ነው። ሠራተኛዋ የበዓሉን ዘቢብ ዳቦ ጋግራ፣ በባህሉ ቀለበት ሸሽጋበታለች። ከእራት በፊት ሁሉም ወጥቶ ነበርና ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ። ገጾቹን በእንፋሎቱ ላይ ይዤ በቢላ ጀርባ ቀስ እያልኩ አላቀቅኳቸው። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ።

የሁለተኛው ቀን የመጨረሻ ሰዓት። ጸሐፊው ደክሞት ፊደሉ ጉንዳን አክሏል። በመካከሉ ግን አንድ መስመር አለ፤ የሦስት መስመር ቦታ ይዟል፣ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ በትልቁ የተጻፈ፦

ማይክል ክሉን። ጫማ ሰፊ። ድልድዩ ራስ ያለው ቤት። ለፊናን።

በኅዳጉ ላይ በዚያው እጅ «ድምፅ ሰጪው በትልቁ እንዲጻፍ ጠይቋል» ይላል።

ከሥሩ፣ እንደገና በጉንዳኗ ፊደል፦

ታዲ ታርፒ። በርሜል ሠሪ። የኋላ መንገድ። ለሃርዊን።

ድልድዩ ራስ ያለው ቤት፣ አሁን እኔ የምጽፍበት ቤት ነው።

ዳቦው ሲቆረስ ቀለበቱ ለእኔ ደረሰኝ። ሠራተኛዋ «በዓመቱ ታገቢያለሽ» ብላ አጨበጨበች። አባባ ፊቴን አይቶ ሹካውን አስቀመጠ።


እሑድ፣ ኖቬምበር 1

ጠየቅኩት። ጓሮ ወጣንና ከፖሙ ዛፍ ሥር ቆመን ነው የነገረኝ።

በ1852 አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። አያቴ ከክሉን ቀጥሎ ተሰልፎ ነበር። ለፊናን ሊናገር ነው ወደ አዳራሹ የገባው፤ ከቤት ሲወጣም ምሎ ነበር። ክሉን «በትልቁ ጻፈው» ሲልና ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ ወኪሉ ብቻ ሳይስቅ ቀና ብሎ ቀጣዩን ሰው አየ። ቀጣዩ አያቴ ነበር። በሚቀጥለው መጋቢት ክሉን ሲጣል ቤቱ ለእኛ ተሰጠ።

«ዕቃ ተሸክሜ መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ» አለኝ። «ምድጃው ገና ይሞቅ ነበር፣ ዴሊያ። እጄን አስጠግቼ ሞቅኩት። በርዶኝ ነበር።»

ታሪኩን ማን እንደለወጠው ጠየቅኩት። አያቴ መስሎኝ ነበር። አያቴ ግን እስኪሞት የሚያወራው የክሉንን ቃል በክሉን ስም ነበር፤ እያወራም ያለቅስ ነበር። የለወጠው አባባ ነው። እናቴን ሊያጭ ሲሄድ አባቷ «አባትህ ያን ቀን ምን አለ?» ብለው ጠየቁት። አንድ ጊዜ ዋሸ። ከዚያ በኋላ በየገናው መድገም ሆነ።

ኮስቴሎንም ያናገረው እሱ ነው። ምዕራፉ ይቅር፤ እሱ ከቀረ ልጄ መጽሐፉን በስሟ አታወጣውምና የአንተን ስም አድርግበት አለው። «ስምሽ ከዚያ ገጽ አጠገብ እንዳይኖር ብዬ ነው» አለኝ።

«አባባ፣ ስሜን ለሰው ሰጠኸው እኮ» አልኩት።

የወደቀ ፖም አንስቶ በኮቱ ጠርጎ በእጁ ያዘው።

ጠልቼው እንደሆነ ራሴን ጠየቅኩ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ በርዶት ነበር። እዚህ ድረስ እረዳለሁ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ሠላሳ ሦስት ዓመታት ግን ሞቀውት ነበር።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 4

ኦኒ ክሉን በገበያ ቀን እስኪመጡ አልጠበቅኩም። መዝገቡን በሻሌ ጠቅልዬ ቤታቸው ሄድኩ። «ሚስ ክሉን» አልኳቸው። ከኋላቸው ሌላ ሰው የቆመ ይመስል ዞረው አዩ።

ገጹን ከፈትኩ። ማንበብ ባይችሉም ትልቁን መስመር ለማግኘት ንባብ አያስፈልግም፤ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው እሱ ላይ አሳረፉ። «ይሄ ነው?» አሉ። አነበብኩላቸው። ኅዳጉንም። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

«ሰክሮ ቤቱን አጣ አሉ፤ ፈርቶ ዝም አለ አሉ። ቃሉንም እናንተ ወሰዳችሁት። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በአዳራሹ መስኮት ነበርኩ፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። በኋላ ግን ሰው ሁሉ አያትሽ ነው ሲል፣ ሕልም አይቼ ይሆን እንዴ እል ጀመር።»

«ለምን አልነገሩኝም? ደጅዎ ድረስ መጥቼ ነበር።»

«ላየው ነበራ፣ አንቺ ትገልጪው እንደሆነ» አሉ።

ከሥሩ ያለውን ትንሹን መስመርም አነበብኩላቸው። እያወቁ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 18

ፓርላማው ዛሬ ተበተነ። የድሩምካሎ ክልል ከቀትር በኋላ የለችም። ኮሚቴው በገበያ አዳራሹ የስንብት ስብሰባ ጠርቶ መጽሐፉን አቀረበ፤ ወንዶቹ ታች፣ ሴቶች ሰገነት። ኮስቴሎ በግራጫ ኮቱ ንግግር አደረገ። ፈረስ በሽታው ላይ ሰው ሳቀ። የእኔ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር አውቀዋለሁ።

ሲጨርስ ከሰገነቱ ወረድኩና በመካከላቸው አልፌ ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ። ያው የድሮው ጠረጴዛ ነው። አንዱ ከኋላ «ምርጫው አልቋል፣ እመቤቴ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ብቅ በይ» አለ። ሌላው «ለማን ልትመርጪ ነው?» አለ። ስቀው እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው። ከዚያ በጥንቱ ደንብ ተናገርኩ፦

«ስሜ ዴሊያ ታርፒ ነው። የምኖረው ድልድዩ ራስ፣ በማይክል ክሉን ቤት ነው። ድምፄ ለእነዚህ ነው።»

መዝገቡን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን አወጣ። ኮስቴሎ ክርኔን ያዘና በዝግታ «ይበቃል፤ አባትዎን እያዋረዱ ነው» አለኝ። አባባ በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጦ ነበር። ጭንቅላቱን አላነሳም። ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ «ልቀቃት፤ ትጨርስ» አለው።

ጨረስኩ። አሥራ ስምንቱን፣ ከዚያ ማይክል ክሉንን፣ «በትልቁ» የሚለውን ጨምሬ። በሩ አጠገብ የእንቁላል ቅርጫት የያዙ ሴት ቆመው ነበር፤ ወንዶቹ መካከል፣ ማንም ሳያስወጣቸው። በመጨረሻ «ታዲ ታርፒ፣ ለሃርዊን» አልኩና መዝገቡን ዘጋሁት። ማንም አላጨበጨበም። ያ ከብት ነጋዴ ኮፍያውን አውልቆ ነበር፤ ሙቀት ይሁን ሌላ አላውቅም።

የኮስቴሎ መጽሐፍ እንዳለ ይሸጣል። የእኔ ምዕራፍ ብቻውን፣ ከተስተካከለው የአያቴ መስመር ጋር፣ በሌላ ከተማ ጋዜጣ አታሚ ዘንድ ለብቻው ይታተማል። ለአታሚው ዛሬ ጻፍኩ፤ በስሜ ፈረምኩ። መዝገቡም ማንም ገልጦ በሚያነብበት ቤት እስኪቀመጥ ከእጄ አይወጣም።

አባባ ቀድሞኝ ቤት ገብቶ ነበር። እሳት አላነደደም።

እኔ የጻፍኩት በሌላ ሰው ስም እንዲነበብ ከእንግዲህ አልቀበልም፤ ሰጪው አባቴ ቢሆንም። ማይክል ክሉን የተናገረው በአያቴ አፍ ሲነገር ገና ቢሆን፣ እንግዳ ቢኖር፣ ሰምቼ ዝም አልልም። ኦኒ ክሉንም አባታቸው በተከሉት ዛፍ ፖም ለመቀበል ከጓሮ በር ቆመው እንዲጠብቁ አልቀበልም። በፊት ለፊቱ በር ይገባሉ፣ ምድጃው አጠገብ ይቀመጣሉ፣ በስተግራ ለምን እንደሚያጨስም እነግራችኋለሁ ካሉ ቁጭ ብለን እንሰማለን።